ከድሬዳዋ ወደ ባንኮክ፦ በታይላንድ ማዕድ ዙሪያ

ወደ ታይላንድ የሚሄድ ሰው ስለ ምግቡ አስቀድሞ የሚሰማው ማስጠንቀቂያ ስለ ቃሪያው ነው። እኔም ለልብስ ግዢ ወደ ባንኮክ መመላለስ ስጀምር የተነገረኝ ይኸው ነበር። ነገር ግን በሚጥሚጣና በአዋዜ ያደገ፣ ያለ ቃሪያ ማዕድ የማይሞላለት የድሬዳዋ ሰው በቃሪያ የሚበገር አይደለም። በእኔ አስተያየት ለእኛ ምላስ የሚከብዱት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው በወጡ ውስጥ የሚገባው ስኳር ሲሆን ሁለተኛው ከዓሣ የሚወጣው ጨዋማ ፈሳሽ ነው። እኛ ጣፋጭ ነገር የምናውቀው ከሻይ ጋር በሙሸበክና በሐላዋ መልክ እንጂ ከሥጋ ጋር ተቀላቅሎ አይደለም፤ የዓሣ ሽታም ዓሣ ከሌለበት ሳህን ሲመጣ ያስደነግጠናል። በእነዚህ በሁለቱ የተነሳ ብዙ የአገሬ ልጆች ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው በሆቴል ዳቦና እንቁላል ሰንብተው ሲመለሱ አያለሁ፤ ይህም ከልቤ ስለሚቆጨኝ የማውቀውን ለመጻፍ ተነሳሁ።

ናም ፕላ የሚባለው ፈሳሽ ትናንሽ የባሕር ዓሣዎች በጨው ተቀይጠው ለወራት፣ ብዙውን ጊዜም ከዓመት በላይ ከተብላሉ በኋላ የሚወጣ ነው። ጠርሙሱን ከፍቶ ያሸተተ ሰው ወደ አፉ ማስጠጋት ሊከብደው ይችላል። ይሁን እንጂ ከሎሚ፣ ከዘንባባ ስኳርና ከቃሪያ ጋር ሲገናኝ ሽታው ይረግብና ጨውነቱና ሥጋ ሥጋ የሚለው ጣዕሙ ይቀራል። የአገሩ ባለሙያ ወጧን ስትቀምስ የምታየው ጨው መብቃቱን ብቻ አይደለም፤ ጨዋማው፣ ጎምዛዛው፣ ጣፋጩና የሚያቃጥለው ተስማምተው እንደሆነ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ውጦት እንደሆነ ትመረምራለች። ስኳሩም የገባው ጥርስ የሚያጠርሰውን የሎሚና የሁመር ጉምዛዜ ለማብረድ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ስኳሩን በወጥ ውስጥ እንደ ባዕድ መቁጠሩን ይተዋል፤ እኔ የታይላንድን ምግብ ከልቤ መውደድ የጀመርኩት ይህ ሲገባኝ ነው።

ይህን በዓይን ለማየት ሶም ታም ከሚባለው የፓፓያ ሰላጣ ሻጭ አጠገብ መቆምን የሚያህል የለም። ከፕራቱናም የልብስ ገበያ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ከኢሳን፣ ማለትም ከአገሪቱ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል የመጡ አንዲት እናት ከፓፓያ በቀር ሌላ የማይሸጡበት ጋሪ አላቸው። በጋሪው መካከል ከሸክላ የተሠራ ጥልቅ ሙቀጫ ተቀምጧል። ነጭ ሽንኩርቱንና ቃሪያውን በእንጨት ዘነዘና ከቀጠቀጡ በኋላ የዘንባባ ስኳር፣ ናም ፕላና ሎሚ ይጨምራሉ፤ ቀጥለው የተቆራረጠ ፎሶሊያ፣ ቲማቲም፣ የደረቀ ሽሪምፕና የተቆላ ለውዝ ያክላሉ፤ በመጨረሻም እንደ ክር ቀጥኖ የተከተፈውን ያልበሰለ ፓፓያ ያስገባሉ። በቀኝ እጃቸው ዘነዘናውን ሲያሳርፉ በግራ እጃቸው በረጅም ማንኪያ ከታች ወደ ላይ ያገላብጣሉ፤ ፓፓያው ጭማቂውን እንዲጠጣ ይታሻል እንጂ አይደቅም። ከዚያ በማንኪያው ጫፍ ጥቂት ቀድተው ለደንበኛው ያቀምሱታል፤ ፊቱን አይተውም ሎሚ ወይም ስኳር ይጨምራሉ። በጣዕሙ ላይ ባለሙያዋና በላተኛው ሲስማሙ ብቻ ወደ ሳህን ይገለበጣል። የኢሳን ሰዎች ራሳቸው የሚመርጡት ፕላ ራ የተባለ በጨውና በሩዝ የተብላላ የወንዝ ዓሣ የሚገባበትን ነው፤ ሽታው ከናም ፕላ እጅግ የበረታ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው አልመክረውም።

በላተኛው ጣዕሙን የማስተካከል መብቱ በኑድል ቤቶችም አይቀርበትም። በየጠረጴዛው ላይ አራት ነገሮች የያዘ መደርደሪያ ይቀመጣል፤ እነሱም ስኳር፣ የደረቀ በርበሬ ዱቄት፣ ቃሪያ የተቆረጠበት ኮምጣጤና ናም ፕላ ናቸው። ሾርባው ሆን ተብሎ ለዘብ ተደርጎ ይመጣል፤ የቀረውን እንግዳው ይጨርሳል። ብዙ ሰው ሳህኑ እንደ ቀረበለት ሳይነካካ ይበላና «ጣዕም የለውም» ብሎ ይነሳል፤ ይህ ለባለሙያው በደል ነው። መጀመሪያ ሾርባውን ብቻ መቅመስ፣ ከዚያም ከእያንዳንዱ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ እንደገና መቅመስ ያስፈልጋል።

ቶም ያም ኩንግ የተባለው የሽሪምፕ ሾርባ በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጅ ባህላዊ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቧል፤ እኔም ይገባዋል እላለሁ። ውኃው ሲፈላ በሙቀጫ የተፈነከተ ጠጅ ሳር፣ ጋላንጋል የተባለው የዝንጅብል ዘመድና የማክሩት ሎሚ ቅጠል ይገቡበታል፤ የሎሚው ጭማቂ የሚጨመረው ግን ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም አብሮ ከፈላ ይመራል። በሻይ ውስጥ ብቻ የማውቀውን ጠጅ ሳር ከሽሪምፕና ከቃሪያ ጋር በአንድ ሳህን ሳገኘው በጣም ተደስቻለሁ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ፤ ጠጅ ሳሩ፣ ጋላንጋሉና ቅጠሉ ሽታቸውን እንዲሰጡ የገቡ እንጂ የሚበሉ አይደሉም፤ በሳህኑ ዳር መተው ነው።

ኬንግ የሚባሉት የኮኮናት ወጦች ደግሞ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርቡ ናቸው። እኛ ዘንድ ቁሌት በሚገባ ካልተቁላላ ወጥ ወጥ አይሆንም፤ እዚያም መጀመሪያ ወፍራሙ የኮኮናት ወተት ብቻውን እሳት ላይ ተጥዶ ዘይቱ ተለይቶ እስኪንሳፈፍ ድረስ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ነው በሙቀጫ የተወቀጠው ቅመም በዚያ ዘይት ውስጥ የሚቁላላው። በቅመሙ ውስጥ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ትናንሽ ቀይ ሽንኩርቶች፣ ጠጅ ሳር፣ ጋላንጋል፣ የማክሩት ሎሚ ልጣጭ፣ የድምብላል ሥርና ካፒ የተባለው የተብላላ የሽሪምፕ ልቁጥ ይገኛሉ። የድምብላሉን ፍሬ ለቅመም፣ ቅጠሉን ለሰላጣ እንጂ ሥሩን በምግብ ውስጥ አስገብቶ የሚወቅጥ ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር። ኬንግ ኪያው ዋን የተባለው አረንጓዴ ወጥ በለጋ ደብርጃንና ከእሳት ሊወርድ ሲል በሚበተን የበሶብላ ዘመድ ቅጠል ይታጀባል፤ ቀለሙ የሚያምር ቢሆንም የአረንጓዴ ቃሪያው ብዛት ከቀዩ ወጥ ይልቅ ሊያቃጥል እንደሚችል ማወቅ ይበጃል።

ቃሪያ ራሱ ለታይላንድ ጥንታዊ አለመሆኑ ያስገርማል። ፖርቱጋሎች በ1511 እ.ኤ.አ. የአዩታያ መንግሥት ወደሚባለው የዚያን ጊዜ ሲያም ደረሱ፤ ከአሜሪካ ምድር የተገኘው ቃሪያም የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን በእነሱ የንግድ መስመር እንደሆነ ይታመናል። ፓፓያም ትውልዱ ከዚያው ከአሜሪካ ነው። ያለ ቃሪያና ያለ ፓፓያ የታይላንድን ማዕድ ዛሬ ማን ያስበዋል? የእኛም በርበሬ ዘሩ ከዚያው አህጉር የመጣ ነውና ሁለቱ ወጥ ቤቶች ከአንድ እንግዳ ጋር በየራሳቸው መንገድ ተዛምደዋል ማለት ይቻላል።

ወደ ሥጋው ጉዳይ ልምጣ። የታይላንድ ሕዝብ አብላጫው የቡድሃ እምነት ተከታይ ሲሆን የአሳማ ሥጋ በየመንገዱ ይሸጣል፤ በጀልባ ኑድል ስም በሚታወቀው ሾርባ ውስጥም የአሳማ ወይም የከብት ደም ይገባል። ስለዚህ ሙስሊሙም ሆነ ክርስቲያኑ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ቃላት መያዝ አለበት፤ ሙ አሳማ፣ ካይ ዶሮ፣ ኑዋ የበሬ ሥጋ፣ ፕላ ዓሣ፣ ኩንግ ሽሪምፕ ነው። የታይላንድ ማዕከላዊ እስልምና ምክር ቤት የሚሰጠው የሐላል ምልክት እንደ ካርታው ዳይመንድ ቅርጽ ያለው ስለሆነ ከሩቅ ይለያል፤ በባንኮክ ውስጥም በቻሮን ክሩንግ መንገድ አቅራቢያ ባለው የሐሩን መስጊድ ዙሪያ እኔ ሳልጨነቅ የምበላባቸው ቤቶች አሉ።

አብሮኝ የሚጓዘው የድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ልጅ ግን ኦርቶዶክስ ስለሆነ የእሱ ጥያቄ ከእኔ ይለያል፤ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ በጾም ያልሆነም ቀን ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አይበላም። ለእሱ የደረስንለት መፍትሔ ጄ የሚባለው የአገሩ የጾም ምግብ ነው። ከቻይና የመጡት ወገኖች በጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር፣ ብዙውን ጊዜ በመስከረም ወይም በጥቅምት፣ ለ9 ቀናት ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ይከለከላሉ፤ በዚያ ሰሞን በየሱቁ ደጃፍ ቀይ ጽሑፍ ያለባቸው ቢጫ ባንዲራዎች ይሰቀላሉ። ከበዓሉ ውጭም ያው ምልክት የተለጠፈባቸው ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። በእነሱ ዘንድ ናም ፕላም ሆነ ካፒ አይገባም፤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት እንኳ የተከለከሉ ናቸው። ጓደኛዬ በቶፉና በእንጉዳይ የተሠራ ወጥ በሩዝ ሲበላ «ሽንኩርት ሳይነካው እንዴት እንዲህ ሊጣፍጥ ቻለ?» እያለ ይደነቅ ነበር። ለሚጾም ሰው የምመክረው ሥጋ የሌለው ምግብ ከመጠየቅ ይልቅ ጄ ብሎ መጠየቅን ነው፤ በሌላው ቤት ሥጋው ቢወጣ እንኳ የዓሣው ፈሳሽ ሊቀር ይችላልና።

ወደ ማታ ላይ በየመንገዱ ጥግ የሮቲ ጋሪ ይቆማል፤ ሻጮቹ ብዙውን ጊዜ ሙስሊሞች ናቸው። ሊጡን በዘይት በተቀባ ብረት ላይ እያማቱ ወረቀት እስኪመስል ያሳሱታል፤ እንቁላልና የተቆራረጠ ሙዝ መካከሉ ላይ አድርገው በአራት ማዕዘን ያጥፉትና በሞቀ ብረት ላይ ይጠብሱታል፤ በመጨረሻም ቆራርጠው ወፍራም የጣፋጭ ወተት ያፈሱበታል። ጓደኛዬ ሊጡ በአየር ላይ ሲዘረጋ እንዳየ «አቦ፣ ይሄማ የኛው ፈቲራ ነው!» አለ፤ እውነቱንም ነው። የእኛው በማር፣ የእነሱ በወተት ይሁን እንጂ የእጁ አሠራር አንድ ነው፤ ሁለቱም የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ከወደብ ወደ ወደብ ያመላለሳቸው ይመስለኛል።

በእርድ ቢጫ ሆኖ ከዶሮ ጋር የሚበስለው ካው ሞክ የተባለ ሩዝም ከዚሁ ወገን ነው። በድሬዳዋ ሩዝ በሥጋ የለመደ ሰው ምንም አይቸግረውም፤ አዲስ የሚሆንበት በጎን የሚቀርበው፣ ከናና፣ ከአረንጓዴ ቃሪያ፣ ከኮምጣጤና ከስኳር የሚፈጨው አረንጓዴ ማባያ ነው። ከወጦቹ መካከል ደግሞ ከሁሉ የማስበልጠው ማሳማን ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ከሙን የሚገቡበት፣ ድንችና ለውዝ ያለው፣ በሁመር የሚጎመዝዝ ወጥ ሲሆን ሥሩ ከሙስሊም ነጋዴዎችና ከቤተ መንግሥት ወጥ ቤት ጋር የተያያዘ ነው፤ ከ1809 እስከ 1824 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዳግማዊ ራማም በግጥም አወድሰውታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታይላንድ ወጥ ለሚቀምስ የአገሬ ሰው ይህን አስቀድሞ እንዲያዝ እመክራለሁ፤ ቅመሞቹ የምናውቃቸው ስለሆኑ ስኳሩንም ለመቀበል በር ይከፍታሉ።

ስለ ፓድ ታይ ብዙ አልልም። በ1939 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ስም ከሲያም ወደ ታይላንድ ሲለወጥ ሥልጣን ላይ የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ፊቡን ሶንግክራም ይህን የተጠበሰ የሩዝ ኑድል እንደ ብሔራዊ ምግብ እንዲስፋፋ አድርገዋል። በሁመርና በሎሚ በሚገባ ሲሠራ መልካም ነው፤ ለውጭ እንግዳ ተብሎ ስኳሩ የበዛበት ግን ስለ ታይላንድ ምግብ የተሳሳተ ግምት ያስይዛል።

ጊዜ ያለው ሰው ከባንኮክ በባቡር ወደ ሰሜኗ ከተማ ቺያንግ ማይ ይሂድ። በ1902 እ.ኤ.አ. የጂቡቲ ባቡር የወለዳት የድሬዳዋ ልጅ በባቡር ጉዞ ለመደሰት ሌላ ምክንያት ባያስፈልገውም፣ በ751 ኪሎ ሜትሩ ሐዲድ መጨረሻ ላይ ካው ሶይ የሚጠብቀው መሆኑን ማወቅ አለበት። ይህ በኮኮናትና በቅመም መረቅ ውስጥ የሚቀርብ የእንቁላል ኑድል ነው፤ በላዩ በዘይት የተጠበሰና የሚንኮሻኮሽ ሌላ ኑድል ይደረጋል፤ በጎን ደግሞ የኮመጠጠ የሰናፍጭ ጎመን፣ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት፣ ሎሚና በዘይት የተቆላ በርበሬ ይመጣል። ከቻይናዋ ዩናን ግዛት በበቅሎ ሲራራ የሚመጡ ሙስሊም ነጋዴዎች ያስፋፉት ምግብ እንደሆነ ይነገራል፤ በባን ሐው መስጊድ አቅራቢያ በሐላል የሚሠሩት ቤቶች ዛሬም አሉ፤ ዓርብ ጠዋት ከጁምዓ በፊት የዩናን ሰዎች ገበያም እዚያው ይቆማል። ሐረርም የሲራራ ነጋዴ ከተማ ናትና ከጀጎል በሮች የገባ ቅመም የአንድን ከተማ ድስት እንዴት እንደሚለውጠው እናውቃለን። ኮመጠጡን ጎመንና ጥሬውን ሽንኩርት ሳይጨምር የሚበላ ሰው ግን ካው ሶይን በልቷል አልልም፤ የኮኮናቱን ቅባት የሚቆርጡት እነሱ ናቸው።

የአበላል ሥርዓታቸውም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤተሰብ ወይም ወዳጆች ሲቀመጡ ወጡ፣ ሾርባውና ቅጠላ ቅጠሉ መካከል ላይ ይደረጋል፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሩዝ ይዞ ከመካከሉ አንድ ማንኪያ ያህል ብቻ እየቀዳ ይበላል፤ ብዙ አከማችቶ ወደ ሳህን መውሰድ እንደ ስስት ይቆጠራል። ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ ይያዛል፤ ሹካው ምግቡን ወደ ማንኪያው ይገፋል እንጂ ወደ አፍ አይገባም። በኢሳንና በሰሜን ግን የሚያጣብቀው ሩዝ ከቀርከሃ በተሠራች ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ይቀርባል፤ በጣት ቆንጥሮ፣ አድበልብሎ፣ ማባያው ውስጥ ነክሮ መጉረስ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው አንድ ወጥ ብቻ አዝዞ ስለ ታይላንድ ምግብ ሊፈርድ አይገባውም፤ የሚያቃጥለው ከለዘብተኛው፣ ቅባታሙ ከጎምዛዛው ጋር እንዲሄድ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሰው ሆኖ መቀመጥ ይሻላል።

ጥሬ ሥጋ ወዳዶች ወገኖቼን ደግሞ አስጠነቅቃለሁ። ላብ የሚባለው የተከተፈ ሥጋ ከተቆላ የሩዝ ዱቄት፣ ከናናና ከሎሚ ጋር ሲቀርብ ክትፎን ሊያስታውስ ይችላል፤ የበሰለውን በደስታ ይብሉ። በጥሬው የሚሠራውን ግን ይተዉት፤ ይልቁንም ከወንዝ ዓሣ በጥሬው የሚዘጋጀው የጉበት ትል የሚያስተላልፍ ሲሆን በኢሳን ለሚታየው የሐሞት ቱቦ ካንሰር ዋና ምክንያት እንደሆነ ሐኪሞች አረጋግጠዋል።

ከጣፋጮቹ ማንጎ በሚያጣብቅ ሩዝ የሚወዳደረው የለም። ናም ዶክ ማይ የተባለው ማንጎ በሚያዝያና በግንቦት ይበዛል፤ ሩዙ በኮኮናት ወተት፣ በስኳርና በጥቂት ጨው ይታሻል፤ ከላይ የተቆላ ማሾ ይበተንበታል። ጨው በጣፋጭ ውስጥ መግባቱ ስኳር በወጥ ውስጥ ከመግባቱ ጋር አንድ አሳብ ነው።

ወደ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ከሁሉ በቀላሉ የተሳካልኝ ሶም ታም ነው። ሁመሩ፣ ሎሚው፣ ለውዙና ቃሪያው ከድሬዳዋው የቀፊራ ገበያ ይገኛሉ፤ የዘንባባውን ስኳርና አንድ ጠርሙስ ናም ፕላ በደንብ ጠቅልዬ በሻንጣ አመጣለሁ፤ ስኳሩ ሲያልቅ ቡናማ ስኳር ይተካዋል፤ ናም ፕላው ግን ምትክ የለውም። ፓፓያው ቅርፊቱ አረንጓዴ፣ ሥጋው ነጭና ጠንካራ፣ ፍሬውም ገና ያልጠቆረ መሆን አለበት፤ ከተላጠ በኋላ ወተት መሰሉ ፈሳሽ እንዲለቅቀው በውኃ ይታጠባል፤ ተከትፎም ከመቅረቡ በፊት በበረዶ ውኃ ጥቂት ቢቆይ በድሬዳዋ ሙቀት እንኳ ሲታኘክ ይንኮሻኮሻል። በገበያ የሚቀርበው አብዛኛው የበሰለ ስለሆነ፣ በግቢው ፓፓያ ካለው ጎረቤት ጋር ሳይበስል እንዲቆርጥላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።